ዶዘር ሲወርድ፣ ላባ ስትወጣ

ላባ አየር ላይ ተገልብጣ ስትጨርስ ፍራሹ እግሯ ሥር አልነበረም። ፍራሹስ የትም አልሄደም፤ እሷ ናት ያልደረሰችው። ተረከዟ የክምሩን ጠርዝ ነካ አደረገና ሸርተት ብላ በመቀመጫዋ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ደግነቱ ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ተነጥፏል። ማንም እንዳይደነግጥ ብላ ሁለት እጇን ዘርግታ ለተመልካች እጅ እንደምትነሣ ሁሉ ፈገግ አለች።

«ተረፍሽ?» አለ ዶዘር ከሳንቃው ማዶ እየሮጠ መጥቶ።

«ኧረ ምንም አልሆንኩም። ፍራሹ ነው የሸሸኝ።»

«ፍራሽ አይሸሽም» አሉ ቲቸር ጠመኔያቸውን ከጆሯቸው ላይ እያወረዱ። «ጉልበት ግን የሆነ ቦታ እየሾለከብን ነው። ዛሬ ሳላገኘው አልሄድም።»

ቲቸር የፊዚክስ መምህራቸው ናቸው። የቀድሞው የጂምናስቲክ አሠልጣኝ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ቡድኑ ሊበተን ምንም አልቀረው ነበር፤ ያኔ «እኔ እይዛቸዋለሁ» ብለው የተነሡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ርእሰ መምህሩ ራሳቸው ቀልድ መስሏቸው ስቀው ነበር አሉ። ምክንያቱም ቲቸር እንኳን አየር ላይ ሊገለበጡ ቀርቶ የጫማቸውን ክር ለማሰር ጎንበስ ሲሉ «እህህ» የሚሉ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ ወለሉ ላይ በጠመኔ ያሰሉት ነገር እስካሁን መሬት ጠብ ብሎ አያውቅም። «ሁለት ሜትር ትወጫለሽ» ካሉ ሁለት ሜትር ነው።

የሳንቃው ነገር እንዲህ ነው። ረጅም ሳንቃ መሐሉ ላይ በብረት ተደግፎ ተቀምጧል፤ አንዱ ጫፍ ሲወርድ ሌላው ይነሣል። ላባ መሬት በነካው ጫፍ ላይ ትቆማለች። በወዲያኛው በኩል ከእንጨት የተሠራ ማማ አለ፤ ዶዘር እሱ ላይ ወጥቶ ወደ ተነሣው ጫፍ ይዘላል። ጓ! ዶዘር ሲወርድ ላባ ትወጣለች፣ አየር ላይ ትገለበጣለች፣ በጠረጴዛ ላይ የተከመረ ፍራሽ ላይ ቀጥ ብላ ታርፋለች። ሕዝብ ያጨበጭባል። ለላባ ነው የሚያጨበጭበው፤ ዶዘር በዚያን ሰዓት ሳንቃው ተመልሶ ማንንም እንዳይመታ በእግሩ ረግጦ ይዞ ቆሟል።

ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው። ዶዘር በክፍሉ ውስጥ ትልቁ ልጅ ነው፤ ሲቀመጥ ወንበሩ አቤት ይላል። ላባ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ከሳንቃው ስትነሣ አንዱ ልጅ «ላባ! ላባ!» ብሎ ጮኸ፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ እናቷ ካልሆነች በስተቀር በስሟ የሚጠራት የለም።

ቲቸር የመምህርነታቸውን ድምፅ አወጡ። «እስቲ እንደገና እናስበው። ዶዘር ማማው ላይ ሲቆም ምን አለው?»

«ፍርሃት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እምቅ ጉልበት አለው። ከፍታው ነው የሰጠው። ሲዘል ከፍታው ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። እምቁ ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ተለወጠ ማለት ነው። ሳንቃውን ሲመታ ያንን ለላባ ያቀብላታል። እሷ ደግሞ በፍጥነት ተነሥታ ስትወጣ፣ ፍጥነቷ እያለቀ ከፍታዋ ይጨምራል፤ እላይ ስትደርስ እንደገና እምቅ ሆነ። ጥቂቱን ሳንቃው ይበላዋል፤ ያ ‹ጓ!› የሚለው ድምፅ በነፃ የሚመጣ መሰላችሁ? ጥቂቱ ደግሞ ሙቀት ይሆናል። እሱን አስቤ ቀንሼዋለሁ። የቀረው ግን ይለወጣል እንጂ አይጠፋም! ታዲያ የት ገባ?»

ላባ የት እንደገባ ታውቃለች። ወለሉ ላይ በጠመኔ የተጻፈው ስሌት ፊት ለፊቷ ነው፤ የዶዘር ክብደትና የማማው ከፍታ በአንድ ወገን፣ የእሷ ክብደትና የምትወጣው ከፍታ በሌላ ወገን። በእሷ በኩል «38» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት ነው።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ሲከፈት ነው። በዕረፍቱ ላባ አደገች። ምንም ያደረገችው ነገር የለም፤ ተኝታ በተነሣች ቁጥር ሱሪዋ አጥሮ ይጠብቃታል። በትምህርት ቤቱ ነርስ ክፍል ሚዛን ላይ ስትወጣ መርፌው ሠላሳ ስምንትን እንደማያውቃት አልፏት ሄዶ አርባ ስድስት ኪሎ ላይ ቆመ። በማግስቱ ቲቸር አዳራሹ መሐል ተንበርክከው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ «ላባ፣ ክብደት!» ብለው ጮኹ። ልጆቹ ሁሉ ዙሪያውን ቆመዋል። ጩጬም ቆማለች።

ጩጬ ከታችኛው ክፍል አዲስ የገባች ልጅ ናት፤ ቦርሳዋን ብትሸከም ቦርሳው የሚሸከማት የምትመስል። ምንጣፍ ላይ ስትገለበጥ ኳስ ናት። በቡድኑ ደግሞ የሚበረው ሁልጊዜ ቀላሉ ሰው ነው፤ ይህንን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ላባ ጩጬን አየቻት፣ አፏ ከሐሳቧ ቀደመና «ሠላሳ ስምንት» አለች። ቲቸር ጻፉ። በቃ።

ለምን ዋሸች ቢሏት አንዲት ቅጽበት ናት መልሷ። እላይ ጫፍ ላይ፣ መውጣቱ አልቆ መውረዱ ሳይጀምር፣ ዓለም ቀጥ የሚልባት ቅጽበት አለች። እዚያ ሆና ወደ ላይም ወደ ታችም አትሄድም። የቤት ሥራ የለም፣ ክብደት የለም፣ ምንም የለም። ያቺን ለማንም መስጠት አልፈለገችም፤ ለጩጬማ ፈጽሞ።

ቲቸር ግን እንደ መርማሪ ፖሊስ ፍለጋቸውን ተያያዙት። ብረቱን ቅባት ቀቡት። ሳንቃውን ገልብጠው ስንጥቅ ፈለጉ፣ በጣታቸው እያንኳኩ ጆሯቸውን ለጠፉበት። ጫፉ ላይ ያለውን ጎማ አስቀየሩ። የማማውን ከፍታ በሜትር ለክተው፣ ሜትሩን ተጠራጥረው በሌላ ሜትር ለኩት። በየቀኑ ላባ ትዘላለች፣ በየቀኑ ከፍራሹ ጠርዝ ላይ ትንጠለጠላለች፣ በየቀኑ ቲቸር ፀጉራቸውን ያክካሉ። በዚህ ላይ ትርኢቱን የሚያሳዩበት የወላጆች ቀን እየደረሰ ነው።

በመጨረሻ ጠመኔው ወደ ዶዘር ዞረ።

«ዶዘር፣ ስታርፍ እግርህን ታጥፋለህ?»

«አላጥፍም ቲቸር።»

«ታጥፋለህ። እግሩን ያጠፈ ሰው ጉልበቱን ራሱ ውጦ ያስቀረዋል፤ ወደ ሳንቃው አያልፍም። ብረቱን አየሁ፣ ሳንቃውን አየሁ፣ ጎማውን አየሁ። ያልመረመርኩት አንተን ብቻ ነው።»

«ዶዘር ነዳጅ ጨርሷል!» አለ ያ ከኋላ የሚያወራው ልጅ። ሳቅ ሆነ። ዶዘርም አብሮ ሳቀ፤ እሱ ሲቀለድበት አብሮ የሚስቅ ልጅ ነው።

«ነገ ማማው ላይ አንድ ሣጥን እንጨምራለን» አሉ ቲቸር። «ከፍታው ከጨመረ የጎደለው ይሟላል።»

«እሺ ቲቸር» አለ ዶዘር።

ላባ «38»ን አየችና ጫማዋን ልታነሣ ሄደች።

ልምምዱ አልቆ ልጆቹ ሲበታተኑ ዶዘር ጠፋባት። ሌላ ጊዜ በር ላይ ይጠብቃታል፤ ሰፈራቸው አንድ ነው። ዞራ ዞራ ከአዳራሹ ጀርባ፣ የውሃው ቧንቧ ጋ አገኘችው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ሁለት እግሩን ውሃው ሥር ዘርግቷል። ተረከዙ እንደ ቲማቲም ቀልቷል።

«እያመመህ ነው እንዴ?»

«ኧረ! ሞቆኝ ነው።»

«ዶዘር፣ እውነቱን ንገረኝ።»

«ትንሽ» አለ። «ቀጥ ብለሽ ስታርፊ ተረከዝ ነው የሚቀበለው። ካጠፍኩት ደግሞ አንቺ ጋ አይደርስም። ያው ቲቸር እንዳሉት ነው።»

«እና አላጠፍክም።»

«አላጠፍኩም።»

«ታዲያ ለምን አልተከራከርክም? ሁሉም ሲስቅብህ ዝም!»

«ከቲቸር ጋር? ጠመኔ ይዘው? ኧረ ተይኝ አቦ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ቀነስ አድርጎ እግሩን በውሃው ውስጥ አገላበጠ። «ደግሞስ ብከራከር፣ እኔ ካላጠፍኩ ቀጥሎ የሚጠየቀው ማነው?»

ላባ ክው አለች።

«መቼ አወቅክ?»

«ትምህርት እንደተከፈተ። ሳንቃው እንደ ድሮው ሸርተት ብሎ አልወርድ አለኝ። ደግሞ ሱሪሽ አጥሯል፣ ከእኔ ትከሻ በታች የነበርሽው ጆሮዬ ጋ ደርሰሻል። ዓይን አለኝ እኮ!»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ‹ላባ ሆይ፣ ኪሎ ጨምረሻል›? እኔ እህት ያለኝ ሰው ነኝ፤ አንዴ ሞክሬው በመጥረጊያ ነው የተባረርኩት።»

በሌላ ቀን ቢሆን ላባ በሳቅ ትሞት ነበር። አሁን ግን ድንጋዩ ጫፍ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ውሃው ወርዶ ወርዶ ወደ ቦዩ ይሄዳል።

«ስሚ» አለ ዶዘር። «የወላጆች ቀን ምን ቀረው? ማማው ከፍ ይበል። እኔ እዘላለሁ፣ አንቺ ትደርሻለሽ፣ እናትሽ ታጨበጭባለች። ከዚያ በኋላ ለቲቸር ንገሪ፣ አትንገሪ፣ ያንቺ ጉዳይ ነው። አንዴ ደስ ብሎሽ ብረሪ።»

«ተረከዝህስ?»

«ተረከዝ ሁለት ነው ያለኝ» አለና ሳቀ። የምሩን ነበር ግን። ፊቱ ላይ ቅሬታ የሚባል ነገር የለም፤ ምሳውን እንደሚያካፍል ሰው ነው የተናገረው።

ላባ ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ትዝ ሲላትም አፈረች። ይህ ልጅ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ከላይ እየወደቀ ወደ ላይ ሰዷታል። በብርድ ቀን፣ ፈተና በወደቀ ቀን፣ አያቱ የታመሙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ። እሷ እጅ ነሥታ፣ ጭብጨባዋን ተቀብላ፣ ልብሷን ለመቀየር ትሮጣለች። አንድም ቀን ዞር ብላ ያለችው ነገር የለም። እንደ አሳንሰር ነው የቆጠረችው፤ አሳንሰርን ደግሞ ማን ያመሰግናል?

«አመሰግናለሁ» አለች።

ዶዘር ዙሪያውን ተመለከተ፤ ሌላ ሰው የመጣ መስሎት። «እኔን ነው? ለምኑ?»

«ለሁሉም።»

«እሺ» አለ ግራ እየገባው። «ችግር የለውም።» ከዚያ ጫማውን ለማጥለቅ ሲታገል ላባ ተንበርክካ ያዘችለት። እግሩ እንዳያመው ተረከዙን በመዳፏ ደግፋ፣ ቀስ ብላ አስገባችው።

ቤት ስትደርስ እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊተኛው ክፍላቸው ግማሹ ሱቅ፣ ግማሹ ሳሎን ነው። ሶፋው ላይ ለመቀመጥ ሁልጊዜ የሰው ኮት ማንሣት ያስፈልጋል። አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ስለምታወራ ደንበኞቿ ሁሉ ጥርሷን ነክሳ የምትቆጣ ይመስላቸዋል።

«መጣሽ? ነይ እስቲ ይህችን ልኪልኝ» አለች የትርኢቱን ልብስ ከመስቀያ አውርዳ። ሰማያዊ ነው፤ ትከሻው ላይ ብር የሚመስል ጥብጣብ አለው።

ላባ ፈራች። ባለፈው ዓመት ልኳ የነበረ ልብስ ነው፤ ይኸኔ ጀርባው ላይ ይቀደዳል። ትንፋሿን ውጣ አጠለቀችው። ልብሱ ግን ገባ። ምንም ሳያንቃት፣ ምንም ሳያስጨንቃት፣ ልክክ አለ።

«ስፌቱን ፈትቼ ለቀቅ አድርጌዋለሁ» አለች እናቷ ከኋላዋ እየዞረች።

«መቼ?»

«በዕረፍቱ። ሰውነትሽን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን? አደግሽ ብዬ? ማደግ ወንጀል ነው እንዴ?» መርፌዎቹን ከአፏ አውጥታ ክንዷ ላይ ባሰረችው ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። «ላንቺ ስሰፋ ሁልጊዜ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ አተርፋለሁ። ለሰው ልጅ እንዲህ አላደርግም፣ ጨርቅ ይበላል። ላንቺ ግን እንድታድጊበት ብዬ ነው። ሕፃን ሆነሽ ታመሽ የተኛሽ ጊዜ ልብስሽን እያጠበብኩ ሰፍቼልሻለሁ፤ በየሳምንቱ ስፌቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ማየት እንዴት እንደሚያንገበግብ አታውቂውም። አሁን ስፌት ስፈታልሽ ተመስገን ነው የምለው። እየዘፈንኩ ነው የፈታሁት፣ ጎረቤት ይመስክር!»

ላባ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። መታመሟን ታውቃለች፤ ልብስ መጥበቡን ግን ማንም አልነገራትም። ያን ሁሉ ጊዜ የደበቀችው ቁጥር ለእናቷ ዘፈን መሆኑን ማን ያስበዋል? ዞር ብላ አቀፈቻት።

«ኧረ መርፌው! መርፌው!» አለች እናቷ እጇን ወደ ላይ ይዛ፣ ግን አላስለቀቀቻትም።

«እማ፣ አንድ ሰው ላንቺ ሲል እያመመው ዝም ቢል... አንቺም ብታውቂ... ምን ታደርጊያለሽ?»

«ማን ነው እሱ?»

«ዶዘር።»

እናቷ ራቅ አድርጋ አየቻት። «አንቺ ራስሽ እያወቅሽ ነው የምትጠይቂኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ላባ አዳራሽ ስትደርስ ቲቸር ሣጥኑን አስመጥተዋል። ዶዘር ማማው ሥር ቆሞ ክብደቱን በእግሩ ጣቶች ላይ አድርጓል፤ ተረከዙ መሬት እንዳይነካ። ሌላ ማንም አላስተዋለም። ቲቸር ወለሉ ላይ ተንበርክከው የማማውን አዲስ ከፍታ በስሌቱ ውስጥ ሊተኩ ነው።

«ቲቸር፣ አንዴ ይቆዩ።»

ወጥታ አጠገባቸው ተንበረከከች። «38» የሚለውን በመዳፏ አበሰችው። ጠመኔውን ከእጃቸው ተቀበለችና በምትኩ «46» ብላ ጻፈች። አራቱ ትንሽ ተጣመመባት፤ ግን ይነበባል።

ቲቸር ቁጥሩን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና ቁጥሩን አዩ። ከዚያ ጠመኔውን ወሰዱና ስሌቱን ከላይ ጀምረው መሥራት ጀመሩ። አባዙ፣ አካፈሉ፣ የመጣውን ከፍታ በሜትር ይዘው ሄደው ፍራሹ ላይ ለኩ። ሜትሩ ከፍራሹ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። ላባ በየቀኑ ስትንጠለጠል የሰነበተችበት ቦታ ላይ።

«ይኸው!» ብለው ጮኹ። «አልጠፋም! አላልኳችሁም? ቅንጣት አልጠፋም! ከባድ ሆነሽ ነዋ ዝቅ ያልሽው! እኩል ነው! እኩል!» ብለው ዘለሉ። ዝላያቸው ጣት የማይሞላ ቢሆንም፣ ቲቸር ሲዘሉ የታዩት በዚያን ቀን ብቻ ነው።

ካረፉ በኋላ ነው የሆነው ነገር የገባቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«አንቺ ልጅ! በስሌት ያልገባ ክብደት ይዘሽ አየር ላይ? አንገትሽ ቢሰበርስ? እናትሽን ምን ልላት ነበር?» አሉ። ተቆጡ፣ ደህና አድርገው ተቆጡ። ላባ አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ ተገቢ ቁጣ ነበር። ሲጨርሱ ወደ ዶዘር ዞሩ። «አንተ ላይ አላከክሁ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ።»

«ችግር የለውም ቲቸር።»

«አለው እንጂ» አለች ላባ። «ተረከዙን ይዩለት።»

ቲቸር አዩለት። ከዚያ ሣጥኑን በእግራቸው ገፍተው ወደ ጥግ መለሱት። «ማማው ከፍ አይልም፤ የሰው አጥንት እንጨት አይደለም። እንግዲህ ላባ፣ ፍራሹን ዝቅ አድርገን ሳትገለበጪ ቀላል ዝላይ ትሠሪያለሽ። እሱም ያምራል።»

አዎ፣ ያምራል። አሁንም መብረር ትችላለች ማለት ነው። ዝቅ ብሎ፣ አጭር ሆኖ፣ ግን መብረር ነው። ላባ ለአፍታ ልቧ ወደዚያ ሄደ። ከዚያ የዶዘርን እግር አየች። አሁንም የሚዘልላት እሱ ነው።

«ጩጬ ትብረር» አለች። ድምፅዋ ስልል አለ፤ ግን ወጣ።

ጩጬ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ዶዘር ከዘለለላት እኮ ከጣሪያ ላይ ነው የምንለቅማት!» አሉ ቲቸር።

«ዶዘር ይረፍ። እኔ ልዝለልላት። አርባ ስድስት አይበቃም?»

ቲቸር ይህቺን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ተንበርክከው አሰሉ፤ የላባን ክብደት ዶዘር በነበረበት ቦታ፣ የጩጬን ላባ በነበረችበት ቦታ አስገቡ። ሁለት ጊዜ ሠሩት። «በልክ የተሰፋ ነው የሚመስለው» አሉ። «ግን ለዛሬ ሙከራ ነው። ጩጬ፣ ቀጥ ብለሽ ብቻ ትነሻለሽ፣ መገልበጥ የለም፤ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ይጠብቅሻል። ላባ፣ ነገ ሐሳብሽን ብትለውጪ አልቀየምሽም።»

ዶዘር ላባን ማማው ሥር ወስዶ አስተማራት። የት እንደምትረግጥ፣ ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ፣ እጇን የት እንደምታደርግ ነገራት። «ሊያመኝ ነው ብሎ እግርሽ ራሱ መታጠፍ ያምረዋል» አለ። «አትስሚው። ቀጥ በይ። የያዝሽው ሁሉ እሷ ጋ ይሂድ።»

መሰላሉን ወጣች። ማማው ከታች ሲያዩት ይህን ያህል አይረዝምም። እላይ ሆና ስታይ ሳንቃው የገበሬ ማረሻ አክሎ ጠበባት። ምን ዓይነት ልብ ነው ዶዘር ይዞ እዚህ የሚወጣው? ወደታች ዘሎ መውደቅ እንደ መብረር አይደለም፤ የሚጠብቅሽ ፍራሽ ሳይሆን እንጨት ነው።

በወዲያኛው ጫፍ ጩጬ ቆማለች። ቀና ብላ አየቻት።

«ፈርተሻል?» አለቻት ላባ።

«አልፈራሁም» አለች ጩጬ። «አንቺ አለሽ አይደል?»

ላባ አየር ስባ ዘለለች።

መውረዱ አጭር ነበር፤ ማሰቢያ ጊዜ የለውም። ከፍታው ሲያልቅ፣ ፍጥነቱ ሲሞላት ብቻ ተሰማት። እግሯ ሊታጠፍ ፈለገ። አልፈቀደችለትም። ጓ! ተረከዟን እሳት ለበለበው፣ ጥርሷ ተፋጨ። ከዚያ በድንገት ቀጥ አለች። ይዛው የወረደችው ነገር ሁሉ ከእግሯ ሥር ወጥቶ ሄዷል፤ ለእሷ ምንም አልቀረላትም። ቀና አለች።

ጩጬ እየወጣች ነበር። ወጣች፣ ወጣች፣ እየቀነሰች ወጣች፤ ከዚያ እላይ ጫፍ ላይ ቀጥ አለች። ላባ ያቺን ቅጽበት ከውስጥ እንጂ ከታች አይታት አታውቅም። የጩጬ ፊት ተከፍቶ፣ ዓይኗ ተከፍቶ፣ ፀጉሯ በአየር ላይ ተበትኖ፣ ምንም የማይከብዳት ሆና ተንሳፈፈች። እንዲህ ዓይነት ደስታ በሰው ፊት ላይ መኖሩን ላባ አታውቅም ነበር። ለካ ዶዘር ያን ሁሉ ጊዜ እዚህ ቆሞ የሚያየው ይህንን ነው። ለካ እሷም እንዲህ ነበር የምትመስለው። እንባዋ መጣ፤ የተረከዟም ነበር፣ የሌላም።

ጩጬ ፍራሹ ላይ በእግሯ አረፈች። አዳራሹ ተናወጠ፣ ልጆቹ ሁሉ እየጮኹ ወደ ፍራሹ ሮጡ፣ ያ ከኋላ የሚያወራው ልጅ ሳይቀር። ወደ ሳንቃው ወገን የዞረ ማንም አልነበረም። ዶዘር ብቻ እያነከሰ መጥቶ አጠገቧ ቆመና ትከሻዋን በትከሻው ገጨት አደረጋት።

ጩጬ ከልጆቹ መሐል አንገቷን አውጥታ ጮኸች።

«ቲቸር! በናትዎ ቲቸር፣ አንዴ ብቻ እንደገና!»

ቲቸር ወደ ላባ ዞሩ። ላባ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገችና ወደ ማማው መሰላል ሄደች።